ለልጆች ቅርጽ ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

የአራት ዓመት ልጄ ሳምቡሳ ይዛ መጣችና «ሦስት ማዕዘን!» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሹሉን ወደ ታች አዞርኩትና «አሁንስ?» አልኳት። «አሁንማ አይደለም» አለች። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግድግዳ ላይ የለጠፍኩላት ሥዕል ሁልጊዜ ሹሉ ወደ ላይ ነበር።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ አንድ ዓይነት ሥዕል ብቻ ማሳየት። ትንሽ ልጅ ቅርጽን የሚለየው በጠቅላላ መልኩ ነው እንጂ ጎኑን ቆጥሮ አይደለም። ሆላንዳውያኑ ባልና ሚስት ፒየር እና ዲና ቫን ሂሌ እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረቧቸው የዶክትሬት ጽሑፎች የጂኦሜትሪ ትምህርት በደረጃ እንደሚያድግ አሳይተዋል። መነሻው ይሄው በመልክ መለየት ነው። ወደ መቁጠር የሚያሻግረው ደግሞ እጅ ነው።

ስለዚህ ከካርቶን ቀጭን፣ ሰፊ፣ ያዘመመ ሦስት ማዕዘን ቁረጡ። ልጁ ጠርዙን በጣቱ እየዳሰሰ ይቁጠር። አዙሩትና ደግሞ ይቁጠር። አንድ ጎኑ የጎበጠም ጨምሩና «ይሄ ለምን አልሆነም?» በሉት። እኛ ቤት ለስፌት ከተቀመጠው ስንደዶ ቆራርጬ ሰጠኋት። ሁለቱ አጫጭር፣ አንዱ በጣም ረጅም ሲሆን ጫፎቹ አልገጥም አሏት። ደጋግማ ሞከረች። ሦስት እንጨት ሁሉ ሦስት ማዕዘን እንደማይሠራ የገባት ያኔ ነው። እኔ በቃል ብነግራት አይገባትም ነበር።

ሌላው ስህተት ብርቱካንና ኳስ አሳይቶ «ክብ» ማለት ነው። ኳስ ድቡልቡል ነው። ክብ ጠፍጣፋ ነው። ልዩነቱን ለማሳየት አምባሻ ሲቦካ ትንሽ ሊጥ ስጡትና የሲኒ አፍ ይጫንበት፤ የሚቀረው ምልክት ክብ ነው። የክብሪት ቀፎም ይጫን። በየትኛውም ፊቱ ቢጫኑት አራት ማዕዘን ይወጣል።

«ካሬ አራት ማዕዘን አይደለም» የሚል ወላጅም ብዙ ነው። ነው እንጂ! አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ልጁ ጎኖቹን በክር ይለካና እኩል መሆናቸውን ራሱ ይድረስበት። ካሬውን አዘንብላችሁ ስታስቀምጡት ስሙን አትቀይሩበት።

ክቡን ሁልጊዜ ቀይ፣ ካሬውን ሁልጊዜ ሰማያዊ ማድረግም ያሳስታል። ልጁ የሚይዘው ቀለሙን ነው።

አንድ ነገር አደራ። በባቄላና በአዝራር ቅርጽ ማሠራት ጥሩ ነው፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አትስጡ። አፉ ከትቶ ሊታነቅ ይችላል። ለትልልቆቹም ቢሆን አጠገባቸው ተቀመጡ።

ትምህርቱን ጠረጴዛ ላይ ብቻ ማስቀረትም ያሳዝነኛል፣ በተለይ ጎንደር እየኖሩ። ፋሲል ግቢ ውሰዷቸው። የፋሲለደስ ግንብ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ ማዕዘኖቹ ላይ ግን አናታቸው የተደፋ ቅል የሚመስል አራት ክብ ማማዎች አሉ። እየዞራችሁ የቱ ጋ ቀጥ እንደሚል፣ የቱ ጋ እንደሚዞር በጣቱ አየር ላይ ይሣል። ቅስት ያለው በር ጋ ስትደርሱ ቁሙና «ይሄስ ምንድን ነው?» በሉት። ለመመለስ አታስቸኩሉት። የእኔዋ ብዙ ቆይታ ነው «ታቹ አራት ማዕዘን፣ አናቱ ግማሽ ክብ» ያለችኝ።