ለበጋ የሚገዙ የቆዳና የንጽሕና መጠበቂያዎችን እንዴት እንሞክር?

ጥቅምት ገብቶ ዝናቡ ሲያበቃ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖር ሰው ቆዳ ብዙ ይፈተናል። በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በአያት ወይም በለገጣፎ ጠዋት ታክሲ የሚጠበቀው አብዛኛውን ጊዜ ጥላ በሌለበት ቦታ ነው፤ ካልተነጠፈው የውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚነሣው አቧራ ፊት ላይ ያርፋል፤ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀትሩ ፀሐይ፣ አየሩም ደረቅ ነው። በዚህ ወቅት ሰንስክሪን (ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ቅባት)፣ ሎሽን፣ የከንፈር ቅባትና ዲኦድራንት መግዛት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የተገዛውን ሁሉ በአንድ ቀን መጀመር ገንዘብንም ቆዳንም ስለሚጎዳ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻው፣ በትንሽ ቦታ ላይና በእውነት በሚውሉበት ፀሐይ ውስጥ መሞከር ያስፈልጋል።

ሙከራው የሚጀምረው ሱቅ ውስጥ ነው። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ማብቂያ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ 2024 የሚል ጽሑፍ ያየ ገዢ ገና ብዙ ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል፣ ዕቃው ግን በ2016 ወይም በ2017 ዓ.ም. ጊዜው አልፎበታል። ክዳኑ የተከፈተ ብልቃጥ ሥዕልና በውስጡ 12 ቁጥር ካለ፣ ከተከፈተ በኋላ ለ12 ወር ብቻ ያገለግላል ማለት ስለሆነ የከፈቱበትን ቀን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። በሱቁ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ሰንስክሪን አይግዙ፤ ጨረር የመከላከል አቅሙ በሙቀት ይዳከማል።

ወደ ቤት ከገቡ በኋላ በቀጥታ ፊትዎን አይቀቡ። በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል፣ ከክርን መታጠፊያው ዝቅ ብሎ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ይምረጡና ቅባቱን ጠዋትና ማታ ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን እዚያው ላይ ብቻ ይቀቡ። ይህን ያህል መታገሥ የሚያስፈልገው ቆዳ በሁለት መንገድ ስለሚቆጣ ነው፦ አንዱ እንደተቀቡ ወይም በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚቆጠቁጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማለትም አለርጂው ግን ሁለትና ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዘግይቶ በማሳከክና በሽፍታ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን ምንም ስላልታየ ብቻ ተስማማኝ ማለት አይቻልም። ክንዱ ሰላም ከሆነ ደግሞ በአንድ ጆሮ ሥር፣ በመንጋጋው ጠርዝ ላይ ለጥቂት ቀናት ይድገሙት፤ ክንድ የማያሳየውን ብጉር ፊት ያሳያልና። ሳሙናና ሻምፖ የሚሞከሩት በማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ጊዜ ብቻ ቆይተው በመታጠብ ነው። አንዳንድ ሻጮች «ቢያቃጥልም እየሠራ ነው» ሲሉ እሰማለሁ፤ ሎሽንም ሆነ ሰንስክሪን ማቃጠል የለበትምና አይቀበሏቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊሞከር የሚገባው ሰንስክሪን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማይተናነስ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ነፋሻው አየር ሙቀቱን ቢቀንሰውም ጨረሩን አይቀንሰውም፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ፀሐይ ደግሞ ከሁሉ ይበረታል። ጠቆር ያለ ቆዳ ቶሎ አይቃጠልም፣ ማድያትንና የብጉር ጠባሳ መጥቆርን ግን ፀሐይ ያባብስበታል። ኤስፒኤፍ (የፀሐይ መከላከያ አቅም መለኪያ) 30 የሆነ ቅባት ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን፣ 50 የሆነው ደግሞ 98 በመቶ ያህሉን ስለሚከላከል፣ ለትንሿ ልዩነት ብዙ ገንዘብ ከመጨመር ይልቅ ባለ 30ውን በበቂ መጠን መቀባት ይሻላል እላለሁ። በቂ የሚባለው ለፊትና ለአንገት በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ርዝመት ልክ የተዘረጋ ሁለት መስመር ሲሆን፣ ከቤት ከመውጣትዎ 15 ደቂቃ አስቀድመው ይቀቡትና ውጭ እስካሉ ድረስ በየሁለት ሰዓቱ ይድገሙት።

ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ሰንስክሪን ለሚቆጣ ቆዳ ይስማማል፤ ሆኖም በእኛ ቆዳ ላይ እንደ አመድ ሊነጣ ይችላል። ይህን በሱቅ መብራት ሥር ማየት ስለማይቻል፣ ጉንጭዎ ላይ ጥቂት ቀብተው ደጃፍ ወጥተው በቀን ብርሃን በመስታወት ይመልከቱ። ማድያት ያለበት ሰው የቆዳ ቀለም ያለውንና አይረን ኦክሳይድ የተባለ ቀለም ሰጪ ማዕድን የተጨመረበትን ቢሞክር ይመረጣል፤ ማድያትን የሚያባብሰው በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር በመሆኑ፣ ይህን የሚያግደው አይረን ኦክሳይዱ ነው። ቀጥሎ አንድ የሥራ ቀን ሙሉ ተቀብተው ይዋሉና አቧራ ይለጠፍብኝ ይሆን፣ ሲያልበኝ ወደ ዓይኔ ወርዶ ይቆጠቁጠኝ ይሆን ብለው ያስተውሉ። በአንዳንድ ሰንስክሪን ውስጥ ያለው አቮቤንዞን የተባለ ንጥረ ነገር ብረት ካለበት ውሃ ጋር ሲገናኝ ነጭ ልብስ ላይ ዝገት የመሰለ ቢጫ ምልክት ይተዋል፤ ስለዚህ የነጠላዎ ጠርዝ ከመበላሸቱ በፊት በአሮጌ ነጭ ጨርቅ ላይ ቀብተው አጥበው ይዩት። ለጥምቀት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቆም ሰው ይህን ሁሉ ሙከራ ከገና በፊት ቢጨርስ መልካም ነው። ጃንጥላና ባርኔጣም አይቅሩ።

ሎሽንና ቫዝሊንን ለማወዳደር እግር ጥሩ መፈተሻ ነው። ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ በቀኝ ቅልጥም አንዱን፣ በግራው ሌላውን ይቀቡና ለአንድ ሳምንት ሳይቀያይሩ ይቀጥሉ። ወዲያው እንደተቀቡ ሁሉም ያብረቀርቃል፤ ፍርዱ የሚሰጠው ማታ ወደ ቤት ሲገቡ ነው፣ አመድ የመሰለው ንጣት በየትኛው እግር ላይ እንደተመለሰ ያን ጊዜ ይታያል። ግሊሰሪን ውሃን ወደ ራሱ ስለሚስብ በደረቅ አየር ብቻውን መቀባት አይበቃም፤ በውሃ አቅጥነው ይቀቡና ከላዩ ቫዝሊን ይደርቡበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሙሉ ገላ መታጠብ ባይቻል፣ እግርና እጅን በጥቂት ውሃ አርሶ መቀባት ይበቃል።

ዲኦድራንት ላይ ብዙ አልቆይም። ላብን የሚቀንሰው ዓይነት የሚሻለው ማታ በደረቅ ብብት ላይ ሲቀቡት ነው፤ ብብትዎን በተላጩበት ዕለት ግን አይሞክሩት።

በቤት የሚገኘውም ቢሆን ሙከራ ያስፈልገዋል። የሎሚ ጭማቂ ፊት ላይ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን አቃጥሎ ለሳምንታት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ያስከትላልና ፈጽሞ አይሞክሩት። እሬት ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳ ስለሚያስቆጣ፣ እሱን አጥበው ውስጡን ያለውን ጥርት ያለ ዝልግልግ ብቻ ክንድ ላይ ይሞክሩ። ለጋ ቅቤ የሚቀቡ ሰዎች ግንባራቸው ላይ ብጉር ከበዛ፣ ከፀጉር ወርዶ ቀዳዳ የሚደፍነው ቅባት መሆኑን ይጠርጥሩ።

ስም በሌለው ብልቃጥ ተቀይጦ «ያቀላል» ተብሎ የሚሸጥ ክሬም ግን በክንድም ቢሆን መሞከር የለበትም። በእንዲህ ዓይነቱ ውስጥ ክሎቤታሶል፣ የቆዳ ቀለም የሚያሳጣው ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ክሎቤታሶል በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ ብርቱ መድኃኒት ሲሆን ቆዳን ያሳሳል፤ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ጉዳቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ የሳምንት ሙከራ አያሳየውም፤ እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊት ያማረ መስሎ ይታያል፣ ብዙ እኅቶቻችንን የሚያታልላቸውም ይኸው ነው። ለወራት የተጠቀመ ሰው በድንገት ከማቆሙ በፊት የቆዳ ሐኪም ያማክር።

በሙከራው መሃል ሽፍታ ወይም ማሳከክ ከታየ ቅባቱን አቁመው ቦታውን በለብታ ውሃ ይጠቡና በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያብርዱት፤ ሌላ ክሬም አይደርቡበት። ከንፈር ወይም ዓይን ካበጠ፣ አልያም መተንፈስ ካስቸገረ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በጥቂት ቀናት ያልጠፋ ሽፍታ ሲኖር የቆዳ ሕክምና ወደሚሰጥ ተቋም፣ ለምሳሌ ዘነበወርቅ ወደሚገኘው አለርት ሆስፒታል ሲሄዱ ብልቃጡን ከነካርቶኑ ይያዙ፤ ሐኪሙ ቆዳዎን ያስቆጣውን ንጥረ ነገር የሚፈልገው በዚያ ላይ ከተጻፈው ዝርዝር ነው።