በገጠር ካውንቲ የታሰረ ሰው ሲፈልጉ የሚሠሩ ስህተቶች

ከእኛ ሰው ትራክ የሚነዳው ብዙ ነው፤ ትራክ ደግሞ የማይረግጠው ገጠር የለም። ስለዚህ «ልጁ መንገድ ላይ ተይዟል፣ ስልኩም ዝግ ነው» የሚለው ወሬ አንዳንዴ ማንም ስሙን ሰምቶት ከማያውቀው የዋዮሚንግ ጥግ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ እስረኛ ሲገባ የሚመዘገበው መረጃ፣ ማለትም ስሙ፣ የገባበት ሰዓት፣ የተጠረጠረበት ጉዳይና የዋስትናው ገንዘብ፣ በአብዛኛው ስቴት ለማንም ክፍት ነው። ነገር ግን አገሩ ከ3,100 በላይ ካውንቲ፣ ማለትም ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር፣ አለው። አብዛኛውን የካውንቲ እስር ቤት የሚያስተዳድረው ሸሪፉ፣ ማለትም የካውንቲው የፖሊስ አዛዥ፣ ሲሆን፣ መዝገቡን የሚያወጣበት መንገድም ከካውንቲ ካውንቲ ይለያያል። ሁሉንም አንድ ላይ የሚያሳይ የመንግሥት ድረ ገጽ የለም። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ ሌሊቱን ሙሉ ጉግል ላይ ስም ሲጽፍ ያድራል።

ከቦታው በፊት ስሙን መፈለግ

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይሄ ነው። ስሙን ማንም ያውቀዋል፤ የጠፋው ካውንቲው ነው። ካውንቲው ሳይታወቅ የሚደረግ ፍለጋ ደግሞ የሚያመራው ገንዘብ ወደሚጠይቁ ድረ ገጾች ብቻ ነው።

ካውንቲውን ለማወቅ የከተማው ስም ይበቃኛል ማለትም ያሳስታል። አይ-80 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው ነብራስካ ውስጥ ሲድኒ የምትባል ከተማ ያልፋል። ሲድኒ ያለችው ሻየን ካውንቲ ነው። ድንበሩን ተሻግሮ ዋዮሚንግ ሲገባ ሻየን ከተማን ያገኛል፤ ሻየን ከተማ ግን ያለችው ላራሚ ካውንቲ ውስጥ ነው። ተራራውን ወጥቶ ላራሚ ከተማ ሲደርስ ደግሞ ኦልባኒ ካውንቲ ገብቷል። ካንሳስና ኮሎራዶም የየራሳቸው ሻየን ካውንቲ አላቸው። እንግዲህ «ላራሚ ነው የያዙት» የሚል ወሬ የሰማ ወንድም የላራሚ ካውንቲን ዝርዝር ከፍቶ፣ ስሙን አጥቶ «እዚህ የለም» ብሎ ሲዘጋው፣ የተመለከተው የሻየን ከተማን እስረኞች ነው። ዋሽንግተን የሚባል ካውንቲማ በ30 ያህል ስቴቶች ይገኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የመንገዱ ማይል ቁጥር ወይም የመውጫው ቁጥር ነው። ትራኩን የጎተተው ድርጅት የት እንዳቆመው ይጠይቁ። የካምፓኒው ዲስፓቸር (ሾፌሮችን የሚያሠማራው) ወይም የሴፍቲ ክፍሉ የትራኩን ኢኤልዲ (የመንዳት ሰዓትን የሚመዘግብ መሣሪያ) ከፍቶ መኪናው መጨረሻ የቆመበትን ቦታ በደቂቃ ውስጥ ሊነግርዎት ይችላል። የያዘው የስቴት ሃይዌይ ፓትሮል ቢሆን እንኳ ሰውየውን የሚያስገባው ብዙውን ጊዜ ቦታው ላይ ባለው የካውንቲ እስር ቤት ነው። ቦታው ከታወቀ በኋላ «ይህ ቦታ የየትኛው ካውንቲ ነው?» ብሎ ካርታ ላይ ማየት ቀላል ነው።

አንዳንድ ትንንሽ ካውንቲዎች የራሳቸው እስር ቤት የላቸውም ወይም ሞልቶባቸዋል፤ እስረኞቻቸውን ጎረቤት ካውንቲ ከፍለው ያሳድራሉ። የመጀመሪያው ካውንቲ «እኛ ጋ የለም» ካለዎት «ሰው የምታሳድሩት የት ነው?» ማለትን አይርሱ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙ ካውንቲዎች የሚጋሯቸው፣ ስቴቱ የሚያስተዳድራቸው እስር ቤቶች አሉ። ኮነቲከት፣ ዴላዌር፣ ሮድ አይላንድ፣ ቨርሞንትና ሃዋይ ደግሞ የካውንቲ እስር ቤት የሚባል ነገር የላቸውም፤ ሁሉም በስቴቱ እጅ ነው።

የስቴት ማረሚያ ቤት ውስጥ መፈለግ

የስቴቱ የእስረኛ መፈለጊያ ጉግል ላይ ቶሎ ስለሚወጣ ሰው ሁሉ እዚያ ይገባል። እዚያ ያሉት ግን በአብዛኛው ተፈርዶባቸው ረጅም ዓመት የሚቀጡ ናቸው። ትናንት ማታ የተያዘ ሰው እዚያ አይኖርም። የዋዮሚንጓ ሮሊንስ ከተማ የስቴቱ ማረሚያ ቤትም የካርቦን ካውንቲ እስር ቤትም አሏት። ከተማዋ አንድ ናት፣ መዝገቡ ግን ሁለት ነው።

ስሙን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ብቻ መጻፍ

የእኛ ስም ለእነሱ ፎርም አልተሠራም። አንዱ መንጃ ፈቃድ ላይ የመጨረሻው ስም የአባት ነው፣ ሌላው ላይ የአያት። ኃይለማርያም አንድ ቦታ አንድ ቃል ነው፣ ሌላ ቦታ ለሁለት ተቆርጦ «ኃይለ» የመካከለኛ ስም፣ «ማርያም» የቤተሰብ ስም ይሆናል። ፀጋዬን አንዱ በቲ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ። ቪዛው ላይ የመጀመሪያ ስም ሳይሞላ ቀርቶ በቦታው «ኤፍ ኤን ዩ» (የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም ማለት ነው) የሚል የተጻፈለት ሰውም አለ፤ ሌሊት ላይ የሚመዘግበው ዴፑቲ (የሸሪፉ ፖሊስ) ይህንን እንደ ስም ሊገለብጠው ይችላል።

ዘዴው ሙሉ ስም አለመጻፍ ነው። ከቤተሰብ ስም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት ብቻ ያስገቡ፣ ከዚያ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የራሱንም ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይሞክሩ። ገጠር መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ሠላሳ አርባ እስረኛ ያለበት ካውንቲ ብዙ ጊዜ ሙሉ ዝርዝሩን አንድ ገጽ ላይ ያወጣል። ስም መፈለጉን ትተው ዝርዝሩን በገባበት ቀን ደርድረው ከላይ ወደ ታች ያንብቡት። በዕድሜውና በፎቶው ይለዩታል።

ዝርዝሩ ላይ ስላጡት «የለም» ማለት

አንዳንዱ ካውንቲ ዝርዝሩን በየጥቂት ደቂቃ ያድሳል። ሌላው በቀን አንዴ ፒዲኤፍ ይለጥፋል፣ ያውም ቅዳሜና እሑድን ሳይጨምር። ፌስቡክ ላይ ብቻ የሚያወጣ አለ፣ ጭራሽ የማያወጣም አለ። ሰውየው ገና እየተመዘገበ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ቤት ተወስዶ ሊሆን ይችላል። የተፈታ ሰው ስም ደግሞ ከብዙ ዝርዝሮች ወዲያው ይጠፋል። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ በአብዛኛው ቦታ አይወጣም።

ስለዚህ ይደውሉ። እስር ቤቱ ቀንና ሌሊት ሰው አለው፤ የመዝገብ ክፍሉ ግን በሥራ ሰዓት ብቻ ነው። በ911 አይደውሉ፤ የሸሪፉን የአስቸኳይ ያልሆነ ቁጥር ይፈልጉ። ስሙን ፊደል በፊደል ይንገሯቸው፣ የትውልድ ቀኑን ያዘጋጁ። የሚጠይቁትም ሦስት ነገር ነው፦ እናንተ ጋ አለ ወይ፣ ዋስትናው ስንት ነው፣ ሌላ አካል ይያዝልን ብሏል ወይ። እንዴት እንደተያዘ እርስዎ አያስረዱ፤ አልተጠየቁም።

ቫይን የሚባል አገልግሎትም አለ፤ በ1994 ኬንታኪ ሉዊቪል ውስጥ የተጀመረው የወንጀል ተጎጂዎች ያጠቃቸው ሰው ሲፈታ እንዲያውቁ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ስቴት ቤተሰብም ተመዝግቦ እስረኛው ሲዛወር ወይም ሲለቀቅ መልእክት ሊደርሰው ይችላል። የማይሳተፉ ካውንቲዎች ስላሉ ብቸኛ ተስፋዎ አያድርጉት።

የተጻፈውን እንደ ፍርድ ማንበብ

ዝርዝሩ ላይ ያለው ጉዳይ ፖሊሱ የጠረጠረው ነው። ዐቃቤ ሕጉ ሊቀይረው፣ ሊቀንሰው፣ ሊጨምርበት ወይም ጨርሶ ላይከስ ይችላል። እዚያው ጎን ያለው የዋስትና ሳጥንም ብዙ ሰው ያደናግራል። «0.00» የሚል ያየ ዘመድ በነፃ ይለቀቃል ብሎ ደስ ይለዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዳኛ ገና አላየውም ማለት ነው። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ያለ ማዘዣ የተያዘ ሰው ለመታሰሩ በቂ ምክንያት መኖሩን ዳኛ በ48 ሰዓት ውስጥ ማየት አለበት። ለማንም ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህችን ጊዜ ጠብቆ ዝርዝሩን እንደገና መክፈት አይከፋም።

«ሆልድ» የሚል ቃል ካዩ ግን ይቁሙ። ሌላ ካውንቲ ይፈልገው ይሆናል፣ ወይም ኢሚግሬሽን። ኢሚግሬሽን ከሆነ ካውንቲው የሚለቀውን ሰው እስከ 48 ሰዓት አቆይቶ እንዲያስረክብ ይጠይቃል። አንዳንድ ሸሪፍ እሺ ይላል፣ አንዳንዱ እምቢ ይላል። ዋስትናው ሲከፈል ሰውየው ወደ ቤት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ኢሚግሬሽን እጅ ሊሄድ ስለሚችል፣ ከመክፈልዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ። እዚህ ላይ መቸኮል ነገር ያበላሻል።

ለመረጃው መክፈል፣ ለደዋዩም መላክ

የሸሪፉን ዝርዝር ለማየት ገንዘብ አይጠየቅም። ካርድ የሚጠይቀው ድረ ገጽ የግል ነው፣ የሚሸጥልዎም ብዙ ጊዜ ያረጀ ነገር ነው። የእስረኛውን ፎቶ ለጥፎ ለማጥፋት ገንዘብ የሚጠይቅም ነበር፤ ጆርጂያና ቴክሳስን የመሳሰሉ ስቴቶች ከ2013 ጀምሮ ይህንን የሚከለክል ሕግ አውጥተዋል።

ዝርዝሩን አጭበርባሪም ያነበዋል። ስሙን፣ ክሱንና የዋስትናውን መጠን በትክክል ጠርቶ «ከሸሪፍ ቢሮ ነው፣ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ላኩና አሁኑኑ ይፈታል» የሚል ሰው ሲደውል ቤተሰብ የሚያምነው ለዚህ ነው፤ ከኦፊሰር በቀር ይህን ማን ያውቃል? ማንም ያውቃል፣ ክፍት ነው። ስልኩን ዘግተው ራስዎ ባገኙት ቁጥር ይደውሉ። የዋስ ድርጅት ካስፈለገም በተለምዶ የሚወስደው ከዋስትናው 10 በመቶ ያህል ነው፣ አይመለስም። ኬንታኪ፣ ኢሊኖይ፣ ኦሪገንና ዊስኮንሲን ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ንግድ ስለሌለ፣ ከእነዚህ ስቴቶች «የዋስ ድርጅት ነኝ» ብሎ የሚደውል ሰው ውሸታም ነው።

የልጁን ፎቶ ከነክሱ የዕድሩ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ደግሞ ለማን እንደሚጠቅም አይገባኝም። ክሱ ተሰርዞ ልጁ ሲወጣ ፎቶው ስልክ ለስልክ እየዞረ ይቆያል። ገንዘብ ለማዋጣት ስሙን መጥራት ይበቃል። ሲደውልልዎም ስለ ጉዳዩ በአማርኛ እናውራ አይበሉ፤ የእስር ቤት ስልክ ይቀዳል፣ አስተርጓሚም አለ።

ከዝርዝሩ ሲጠፋ መፈታቱን ማመን

ስሙ ጠፍቶ እሱ ካልደወለ ኢሚግሬሽን ወስዶት ሊሆን ይችላል። የአይስ (የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪው መሥሪያ ቤት) የእስረኛ መፈለጊያ ክፍት ነው፤ ባለ ዘጠኝ አኃዙን የኢሚግሬሽን ቁጥርና የትውልድ አገሩን ይጠይቃል። ቁጥሩ ስምንት አኃዝ ብቻ ከሆነ ከፊቱ ዜሮ ይጨምሩ። በስም ከፈለጉ እዚህ ሦስት ፊደል አይሠራም፤ አጻጻፉ ፋይሉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። አገሩ ላይ የሚመረጠውም ዜግነቱ ሳይሆን የተወለደበት ነው። አሥመራ ወይም ሱዳን ካምፕ ውስጥ የተወለደ ሰው «ኢትዮጵያ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም፤ የግሪን ካርዱ ፎቶ ካለዎት የትውልድ አገሩን ከዚያ ላይ ያንብቡ።