«ዘምቻለሁ» የሚልን ሰው እንዴት ታጣራላችሁ?

ጅማ ውስጥ አንድ ሰው «የቀድሞ ሠራዊት አባል ነኝ» ካለ ብዙውን ጊዜ የሚያጣራው የለም። እድሩ ወንበር ይለቅለታል፤ ለቡና መጋዘኑ ጥበቃ የሚፈልግ ነጋዴም ያለ ዋስ ይቀጥረዋል። የሚዋሸውም ለዚሁ ነው፤ ለእንጀራ ወይም ለክብር። ሦስተኛም ዓይነት አለ፦ በእርግጥ ዘምቶ፣ ግን ወጥ ቤት ወይም ግምጃ ቤት አገልግሎ «ኮማንዶ ነበርኩ» የሚል። እሱን ከሁለቱ ጋር አትደምሩት።

መጀመሪያ መታወቂያውን ይዛችሁ ሂሳብ ሥሩ። የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የሄደው በ1943 ነው፤ ውጊያው የቆመው ሐምሌ 1945። በዚያ የተዋጋ ሰው ዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። የሰባ ዓመቱ «የኮሪያ ዘማች» ምናልባት የአባቱን ታሪክ ነው የሚያወራው። «እዚያ ተማርኬ ነበር» ካለማ ጨርሷል፤ ከቃኘው የተማረከ አንድም ወታደር የለም። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የካራማራ ድል የካቲት 26 ቀን 1970 ነው፤ ያኔ 18 ዓመት የሞላው በ1952 የተወለደ ነው። የባድመው ጦርነት ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 ነው።

«በ1978 ካራማራ ላይ ነበርኩ» የሚል ከሆነ ዓመቱን ከኢንተርኔት ሳይለቅመው አልቀረም፤ የፈረንጆቹ ቁጥር ነው። የዋለበት ሰው «ሰባ» ነው የሚለው። ወርና ቀን መርሳት ግን ያለ ነው፣ በእሱ አትያዙት።

ቀጥሎ አሰልቺውን ጠይቁ። «ጋሼ፣ ደመወዝ እንዴት ነበር የምትቀበሉት? ደብዳቤ ቤት እንዴት ይደርስ ነበር? ፈቃድ መቼ ወጡ?» የደርግ ዘመን ወታደር የኮቾሮውን፣ የዚያን የወታደር ደረቅ ስንቅ፣ ድርቀት ሳይጠየቅ ያነሳዋል። ውሸታሙ የሚያውቀው ተኩሱን ብቻ ነው፤ ስለ ጦር ክፍሉ ሲጠየቅ «ምስጢር ነው» ይላል። የጦላይ ወታደራዊ ማሠልጠኛ እዚሁ ዞናችን ስለሆነ ስሙን የማያውቅ የለም፤ «ጦላይ ሠልጥኛለሁ» ማለት ብቻውን ምንም አያስረዳም። ከሥልጠና በኋላ የት እንደተመደበ፣ የሻምበሉ አዛዥ ማን እንደነበረ ጠይቁና ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙት። ሃምሳ አለቃ ሆኖ ሻለቃ ጦር እንዳዘዘ የሚናገርም አይጠፋም።

ሜዳሊያ ይወረሳል፣ ይሸጣልም፤ ደረት ላይ መንጠልጠሉ ማስረጃ አይደለም። ምስክር ወረቀት ካለ ፎቶ ኮፒውን ሳይሆን ዋናውን አስመጡ፤ ስም እስከ አያት፣ ማዕረግ፣ ቀንና ማኅተም ከመታወቂያው ጋር ይመሳከር። ወረቀት የሌለውን ግን ወዲያው ውሸታም አትበሉ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ስንቱ ሰነዱን ጥሎ፣ ፈርቶም አቃጥሎ ነው ቤቱ የገባው። ለእንዲህ ዓይነቱ ከዚያው ጦር ክፍል ሁለት ሰው ፈልጉ፣ ለየብቻም ጠይቋቸው። አንድ ላይ ከተቀመጡ አንዱ የሌላውን ይደግማል።

ውሸቱ ከተረጋገጠ እድር ላይ አታውጁት። ሥራ ፈልጎ ከሆነ አለመቅጠር ይበቃል፤ ክብር ፈልጎ ከሆነ አንድ ሽማግሌ ለብቻው ያናግረው። ሐሰተኛ ሰነድ ካቀረበ ወይም በዘማች ስም ገንዘብ ከሰበሰበ ግን ጉዳዩ የሽማግሌ አይደለም፤ ሰነዱን ሳትመልሱ ለፖሊስ አመልክቱ።