ወደ ራስ ደጀን ጉዞ ሲታቀድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሰሜን ተራሮችን የእግር ጉዞ ዕቅድ አዘጋጅተው እንድመለከትላቸው የሚያመጡልኝ ሰዎች አብዛኞቹ በአራት ኪሎና በፒያሳ ዙሪያ ባሉ መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ናቸው። ወረቀቱ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ቀኑ፣ ርቀቱና በጀቱ በሠንጠረዥ ተደርድሯል። ስህተቱ ግን ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ ጉዞው በኪሎ ሜትርና በዓመት ፈቃድ ቀናት ይለካል እንጂ ስንት ሜትር እንደሚወጣና ስንት ሜትር እንደሚወረድ አይታሰብም።

ከሁሉ በላይ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው የአምቢቆ ጉዳይ ነው። አምቢቆ ራስ ደጀንን የሚወጣ ሰው የመጨረሻውን ሌሊት የሚያድርበት መንደር ነው። አቃጁ የማደሪያ ሰፈሮቹን ከፍታ ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620፣ አምቢቆ 3,200 ሜትር ብሎ ይጽፍና ከጨነቅ ወደ አምቢቆ የሚኬድበትን ቀን «ቁልቁለት፣ ቀላል» ብሎ ያልፈዋል። በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ግን የቧሂት ተራራ ትከሻ 4,200 ሜትር ገደማ ላይ ቆሟል፤ ከእሱ ወዲያ ደግሞ መሸሃ ወንዝ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ያ «ቀላል» ቀን ወደ 600 ሜትር ወጥቶ፣ 1,400 ሜትር ያህል ወርዶ፣ እንደገና 400 ሜትር መውጣት ማለት ነው። በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ ከ1,300 ሜትር በላይ ወጥቶ ያንኑ መውረድ አለ። በሦስተኛው ቀን፣ ጉልበት ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ከመሸሃ እስከ ቧሂት ትከሻ ያለው 1,400 ሜትር ዳገት ይጠብቃል። ይህን የመመለሻ ዳገት በዕቅዱ ላይ ጽፎ ያመጣልኝ ጀማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ሁሉም «መመለስ» የሚል አንዲት ቃል አስፍሮ ይዘጋዋል።

አንድ ጊዜ ከባልደረቦቿ ጋር የመጣች ጠንካራ ወጣት ከራስ ደጀን ስትመለስ ጉልበቷ አብጦ መሸሃ ዳር ተቀመጠች። ባለበቅሎው ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን አየና ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ይህን ዳገት በእግሯ አትወጣውም» አለኝ። ቡድኑ ወጪ ለመቀነስ ሲል የጭነት በቅሎ ብቻ ነበር የተከራየው። ኮርቻ ያላት የመቀመጫ በቅሎ ፍለጋ ሰው ወደ መንደር ተልኮ እስኪመለስ ግማሽ ቀን ወንዝ ዳር አለቀ። ለቡድን አንዲት የመቀመጫ በቅሎ ከመነሻው ከተማ ከደባርቅ ጀምሮ ትያዝ ስል ቅንጦት የሚመስላቸው አሉ። ከቧሂት ማዶ ለታመመ ሰው አምቡላንሱ እሷ ናት፤ ወደ ደባርቅ የሚመልሰው መንገድም የሚያልፈው በዚያው ከፍተኛ ትከሻ ላይ ነው።

ቀን ማሳጠር የዚሁ ስህተት ታናሽ ወንድም ነው። ጉዞውን በሳምንት ውስጥ ለመጠቅለል ሲሉ ሳንቃ በርንና ግጭን ዘልለው ከደባርቅ በመኪና በቀጥታ ጨነቅ የሚገቡ አሉ። መኪናው እርግጥ ይደርሳል፤ ጠዋት አዲስ አበባ የነበረ ሰው ግን ማታ 3,620 ሜትር ላይ ለመተኛት ሲሞክር ያድራል። ለመካከለኛ ተጓዥ የምመክረው አንድ ሌሊት ደባርቅ፣ ከዚያ ሳንቃ በር፣ ግጭ፣ ጨነቅ፣ አምቢቆ፣ የራስ ደጀንን ቀን ጨርሶ እንደገና አምቢቆ፣ በመጨረሻም ጨነቅ አድሮ መመለስ ነው። ከግጭ ወደ ጨነቅ ሲኬድ እሜት ጎጎ የሚባለውን የገደል አፋፍ ማየት አይቅር። ፈቃዱ ለዚህ የማይበቃው ሰው ራስ ደጀንን ለሌላ ዓመት ትቶ ከጨነቅ ቢመለስ ምንም አይጎድልበትም፤ ዋልያውም ሆነ ገደሉ በዚያው በኩል ነው።

«እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን» የሚለው አነጋገርም አለ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗ ከባሕር ጠረፍ ከሚመጣው እንግዳ ይልቅ እንደሚጠቅመን አልክድም። ጥቅሙ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ እያነሰ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያድሩበት ከፍታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም የሚለው መመሪያ እኛንም ይመለከታል። ይልቁንም ይህ ኩራት ሕመምን ያስደብቃል። ራስ ምታቱ የጀመረው ሰው «ትንሽ ደክሞኝ ነው» ብሎ ማስታገሻ ይውጥና እራት ሳይበላ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። ከፍታ ያመጣው ራስ ምታት እስኪለቅ ድረስ ወደ ላይ አይኬድም። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ግራ ከተጋባ ወይም አርፎ ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ወዲያው መውረድ አለበት። ዳያሞክስ የሚባለውን የከፍታ ሕመም መድኃኒት መያዝ የሚፈልግ ከመነሣቱ በፊት ሐኪም ያማክር፤ ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሰው በተለይ ይህን መናገር አለበት።

ልምምዱን በእንጦጦ ማድረጋቸው ያስደስተኛል። ከሽሮ ሜዳ ተነሥተው እንጦጦ ማርያም ድረስ ላባቸውን ጠብ አድርገው ይወጡና፣ ቡናቸውን ጠጥተው፣ ፎቶ ተነሥተው በታክሲ ይወርዳሉ! ልጆቼ፣ ጉልበት የሚፈተነው በቁልቁለት ነው፤ ታክሲውን ለመውጫው አድርጉትና በእግራችሁ ውረዱ፤ ጀርባችሁም ላይ ጥቂት ሊትር ውሃ ይኑር።

ጾምን በዕቅድ ውስጥ አለማስገባት የኛው የራሳችን ስህተት ነው። ሰማዩ የሚጠራበትና መንገዱ የሚደርቅበት ምርጥ ወቅት ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል፤ ጾሙ ኅዳር 15 ቀን ገብቶ እስከ ገና ይዘልቃል። እንቁላልና ቱና በብዛት ተገዝቶ፣ ከቡድኑ ግማሹ፣ ባለበቅሎዎቹም በሙሉ፣ የማይበሉት ሆኖ ሲቀር አይቻለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ ራስ ደጀንን በባዶ ሆዱ ሊወጣ ማሰቡን ቀድሞ ለነፍስ አባቱ ይንገር፤ የመንገደኛ ነገር እዚያ ቢወሰን ይሻላል፤ ተራራው ላይ ክርክር አያስፈልግም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ለሁሉም ይሆናሉ። ባቄላና ሽንብራ ግን አይጫን፤ ግጭ ላይ ውሃ በ88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚፈላ ጋዙ ያልቃል እንጂ ጥራጥሬው አይበስልም። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ «እዚያ እንገዛለን» ማለትም አይሠራም።

አዲስ ጫማ ለብሶ መነሣት፤ ስለዚህ የማይነግር ሰው ስለሌለ አልደግመውም። ጋቢ ለሰፈር እጅግ መልካም ነው፤ ለመንገድ ግን ዝናብ ያልፈው ይሆናል፣ ሲረጥብም ይከብዳል። ሌሊት ከዜሮ በታች ስለሚወርድ የስልክ ባትሪ ከሰው ጋር በስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይደር። ጎማ ያለው ሻንጣ በቅሎ ላይ አይጫንም።

በጥምቀት ሰሞን የሚያቅድ ሰው ጎንደር ላይ አልጋና የአውሮፕላን ቲኬት እንደሚቸገር ይወቅ። በሐምሌና በነሐሴ መሸሃ ስለሚሞላ አምቢቆን አያስቡ። ስለ ጸጥታው ሁኔታ አምና የሄደን ወዳጅ መጠየቅ ከንቱ ነው፤ መነሻው በቀረበ ሳምንት ደባርቅ የሚገኘውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ደውሎ መጠየቅ፣ መልሱም አሻሚ ከሆነ ጉዞውን ማስተላለፍ ይገባል።

የሚቀረው የሰዎቹ ሒሳብ ነው። ስካውት የሚባለው የፓርኩ ታጣቂ ጥበቃና ባለበቅሎዎቹ ስንቃቸውን ራሳቸው ይይዛሉ ተብሎ ይታሰባል፤ ብዙዎቹ ግን ጥቂት ቆሎ ብቻ ቋጥረው ይመጣሉ፤ ማታ እሳት ዳር እየበሉ እነሱን ማየት ደግሞ ያሳፍራል። የእነሱ ምግብ ከመጀመሪያው በአስቤዛው ይቆጠር። ጉዞው ከተጀመረበት ቦታ ሌላ የሚያልቅ ከሆነ ባለበቅሎው ባዶ በቅሎውን እየነዳ የሚመለስባቸው ቀናትም ይከፈላሉ፤ ይህን ደባርቅ ላይ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መስማማት ይበጃል። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ከደባርቅ ወዲያ ኤቲኤም ስለሌለ ገንዘቡ እዚያው ተዘርዝሮ በየሰዉ ድርሻ በፖስታ ይለይ።