ከድኝና ከኑግ ዘይት ተመልሶ የሚቀረጽ ፖሊመር አዘገጃጀት

በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ ባሉ ላቦራቶሪዎች ለምትሠሩ ይህን የፖሊመር (ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠራ፣ እንደ ፕላስቲክና ጎማ ያለ ቁስ) አዘገጃጀት ዘዴ የምመርጥላችሁ አሟሚ ፈሳሽ ስለማይፈልግና ከነዳጅ ማጣሪያ በተረፈ ምርትነት የሚወጣውን ድኝ ጥቅም ላይ ስለሚያውል ነው። የኑግ ዘይትም ድኙ የሚያያዝበት የካርቦን ድርብ ትስስር የበዛበት በመሆኑ ለሥራው ይስማማል።

በክብደት እኩል ድኝና ዘይት አዘጋጁ። ድኙ ብቻውን ሲሞቅ በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቢጫ ፈሳሽ ይሆናል፤ 160ን ሲያልፍ ግን ባለስምንት አቶም ቀለበቱ ተከፍቶ ረጅም ሰንሰለት ስለሚሠራ ይጠቁራል፣ ማማሰያውን እስኪያከብድም ይወፍራል። 180 ሲደርስ ዘይቱን እያማሰላችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ሁለት ንብርብር የነበረው ድብልቅ አንድ ወጥ ሆኖ እንደ ጎማ ሲረጋ ማሞቂያውን አጥፉ። ሙቀቱ ከ200 እንዳያልፍ አደራ፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አፍንጫን የሚያደነዝዝ መርዝ ስለሆነ ያለ ጭስ መሳቢያ መሥራት ፈጽሞ አይገባም።

ያገለገለው ቁራጭ ተፈጭቶ በ100 ዲግሪ አካባቢ ሲታመቅ የድኝ ለድኝ ትስስሮቹ ተፈትተው ስለሚገናኙ አዲስ ቅርጽ ይይዛል።