ዓመታዊ ክፍያ ያለበት ዋይፋይ ወሎ ላይ ሲተከል የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ይሁን ላሊበላ፣ ሆቴሉ፣ ክሊኒኩ ወይም ኮሌጁ ዋይፋዩን ላድስ ሲል አሁን አሁን የሚቀርብለት ፕሮፎርማ ሁለት መስመር አለው፦ ዕቃውና «ላይሰንስ» የሚባለው። ዕቃው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የሚታዘዘው ግን ውጭ አገር ካለ የአምራቹ ሰርቨር ነው፤ ለዚያም በየጊዜው ይከፈላል። የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በ1.2 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ሜራኪ በዚህ አሠራር በጣም ይታወቃል።

አሠራሩ በራሱ መጥፎ አይደለም። አዲስ አበባ የተቀመጠ ባለሙያ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሳይመታ ደሴ ያለ ስዊች (የኔትወርክ ገመዶች የሚሰኩበት ሳጥን) ላይ አንዱን ፖርት፣ ማለትም መሰኪያ፣ አጥፍቶ ማብራት ይችላል። አበል፣ ነዳጅና የአንድ ቀን ሥራ ቀረ ማለት ነው። ችግሩ ያለው ግዥውና አተካከሉ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ ብቻ ማየት

ግዥ ክፍል ፕሮፎርማውን አወዳድሮ ዝቅተኛውን ይመርጣል፤ ዝቅ ያለውም ላይሰንሱ የአንድ ዓመት ስለሆነ ነው። በዓመቱ የዕድሳት ደብዳቤ ሲመጣ ፋይናንስ «ለዕቃው ከፍለናል፣ ይሄ ደግሞ የምን ክፍያ ነው?» ብሎ ወረቀቱን ይመልሳል። ሜራኪ ላይሰንሱ ካለቀ በኋላ የ30 ቀን የእፎይታ ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ ምንም ያልተበላሸው ዕቃ ዋይፋይ መስጠቱን ያቆማል። ሁሉም ላይሰንስ በአንድ ቀን በሚያልቅበት ውል ደግሞ 10 ላይሰንስ ይዘው 11ኛ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚረጨው ዕቃ) ቢጨምሩ፣ ጉድለቱ ካልተሟላ ከ30 ቀን በኋላ የሚዘጋው 11ኛው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነው።

ዋጋው መነሻው ዶላር መሆኑም ይረሳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ የምንዛሬ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ወራት ከ100 ብር አለፈ። ለዕድሳት በብር የተያዘ በጀት ግማሹን እንኳ ሳይሸፍን የቀረበት ቢሮ ጥቂት አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን በፕሮጀክት የሚገባው ዕቃ ነው። ረጂው ድርጅት ምርጡን ዕቃ ገዝቶ፣ አስተክሎ፣ ርክክብ ተፈርሞ፣ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ላይሰንሱ ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ያልቃል፤ ተረካቢው መሥሪያ ቤት ደግሞ ለዚያ የሚሆን የበጀት ርዕስ እንኳ የለውም። ገንዘቡ በእጅ ሳለ የ3 ወይም የ5 ዓመቱን ላይሰንስ ባንዴ መግዛት፣ ካልሆነም ላይሰንስ የማይጠይቅ ዕቃ መምረጥ ይሻላል።

መስመር ሲጠፋ ምን እንደሚቆም አለማወቅ

አንዳንዱ «ኢንተርኔት ከጠፋ ሁሉም ይሞታል» ብሎ ይፈራል፤ ሌላው ምንም እንደማይሆን አምኖ ይተኛል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የተጠቃሚው ዳታ በአምራቹ ሰርቨር በኩል አያልፍም። ስለዚህ መስመር ቢቋረጥም አክሰስ ፖይንቱ በመጨረሻ በተቀበለው ቅንብር ይቀጥላል፤ ፕሪንተሩ ያትማል፣ ሕንፃው ውስጥ ያለው ሰርቨርም ይከፈታል። የሚቆመው ከሩቅ ማስተካከሉና ማየቱ ነው።

ወጥመዱ ያለው ማረጋገጫው ላይ ነው። ክሊኒክ እንውሰድ። የሕሙማን መዝገብ የሚቀመጥበት ሰርቨር እዚያው ካርድ ክፍል አለ። የሠራተኛው ዋይፋይ ግን ስምና ፓስወርድ የሚያጣራው ክላውድ ላይ፣ ማለትም ውጭ አገር ባለው ሰርቨር ነው። መስመሩ ጠዋት ጠፋ። ቀድማ የገባችው ነርስ ሥራዋን ቀጥላለች፤ ታብሌቷ ጠፍቶ የተነሳባት ጓደኛዋ ግን አሥር እርምጃ ርቆ ያለውን ሰርቨር መክፈት አልቻለችም። «ሲስተም የለም» ተባለና ተራ ጠባቂው በር ላይ ቀረ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሠራተኛው ማረጋገጫ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ይሁን፤ የክላውዱ መግቢያ ገጽ ለእንግዳ ብቻ ይሁን።

«መጠባበቂያ ሲም አለን» የሚል መልስም ብዙ አያስተማምንም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ሲም ላይ የተንጠለጠለ መጠባበቂያ ሁሉ አብሮ ነው የቀረው።

አካውንቱን በጫኚው ኢሜይል መክፈት

ዕቃውን የሚተክለው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ቶሎ ይሠራል፣ ዕቃው የሚታዘዝበትን አካውንት በራሱ ኢሜይል ከፍቶ በራሱ ስልክ ያረጋግጣል። በኋላ ሥራ ቀይሮ ይሄዳል ወይም ስልኩን ይለውጣል። ያኔ ዕቃው የእርስዎ፣ ቁልፉ የእሱ ነው። አምራቹም ባለቤትነትዎን በሰነድ ካላረጋገጡ አካውንቱን አይለቅም፤ የግዥ ደረሰኙን ከየፋይሉ ሲፈልጉ ይከርማሉ። አካውንቱ በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት፣ አስተዳዳሪው ከአንድ ሰው በላይ ይሁን፣ ርክክቡ ላይም የዕቃዎቹ መለያ ቁጥር ይመዝገብ።

ያገለገለ ዕቃ በርካሽ የሚገዙም እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚወድቁት። መለያ ቁጥሩ ከቀድሞው ባለቤት አካውንት ካልተለቀቀ ወደ እርስዎ አይገባም፤ ቢለቀቅም ላይሰንሱን እንደ አዲስ ይገዛሉ። ሳይከፍሉ በፊት ቁጥሩን አካውንትዎ ውስጥ አስገብተው ይሞክሩት፤ ሻጩ እንቢ ካለ ይለፉት።

የሰዓት ክልሉን ሳያስተካክሉ መተው

ትንሽ ነገር ናት። የዕቃው የሶፍትዌር ማሻሻያ ሌሊት እንዲጫን ይቀጠራል፤ ሌሊቱ የማን እንደሆነ ግን የሚያይ የለም። ቅንብሩ በካሊፎርኒያ ሰዓት ከቀረ የእነሱ ሌሊት 9 ሰዓት ለእኛ ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ዋይፋዩ ብልጭ ድርግም ሲል ቴሌን ከመውቀስ በፊት ይቺን ማየት ነው።

«ነፃ ነው» ብሎ ላይሰንስ ወደማይጠይቀው መሸሽ

ዩኒፋይ፣ የቲፒ-ሊንክ ኦማዳና ማይክሮቲክ ዓመታዊ ላይሰንስ ሳይከፈልባቸው ይሠራሉ፤ ዕቃዎቹን የሚያዘውን መቆጣጠሪያም እዚያው ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ደሴ አራዳ ላይ ላለ አንድ ካፌ ወይም ባለ ሁለት ፎቅ ፔንሲዮን ከዚህ በላይ ማውጣት ብክነት ይመስለኛል። ግን ነፃው ዕቃ የሚከታተለው ሰው ይፈልጋል። መቆጣጠሪያው መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር እንዳይጎዳ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ይሰካ፤ የቅንብሩ ቅጂም በየወሩ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልዲያ ቅርንጫፍ ኖሮት አንድም የአይቲ ሠራተኛ የሌለው ድርጅት ግን ላይሰንሱን ቢከፍል ይሻለዋል፤ የዕድሳቱን ቀን ከኪራዩና ከመብራቱ ክፍያ ጋር ፋይናንስ ክፍል ያስመዝግብ።