የሳምንቱን ወጥ በአንድ ቀን ሠርቶ ፍሪዘር ማስገባት፦ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

እሁድ ጠዋት ተነስቶ የሳምንቱን ወጥ አንድ ላይ መሥራት ትልቅ እፎይታ ነው። ሰኞ ማታ ደክሞት የገባ ሰው ሽንኩርት ልላጥ አይልም። ልጆች ያሉት ቤትማ ጭራሽ ጊዜ የለም። ግን ብዙ ሰው አንድ ሁለቴ ሞክሮ «ፍሪዘር የገባ ወጥ ጣዕም የለውም» ብሎ ይተወዋል። ጣዕሙ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በቅዝቃዜው አይደለም፤ ከማስገባታችን በፊትና ካወጣን በኋላ በምናደርገው ነው።

ያለቀለትን ወጥ ብቻ ማስቀመጥ

ከሁሉም በፊት ይሄን ማለት እፈልጋለሁ። የወጥ ድካም ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱን መላጥ፣ ማድቀቅ፣ ውኃው እስኪመጥ ማብሰል፣ በርበሬ ጨምሮ ቀስ እያሉ ማቁላላት፤ ሰዓቱን የሚበላው እሱ ነው። ቁሌቱ ካለ ምስር ወጥ ለእራት ይደርሳል።

ስለዚህ በብዛት ሠርታችሁ ማስቀመጥ ያለባችሁ ቁሌቱን ነው። ቅዝቃዜንም በደንብ ይችላል። ሽንኩርቱ ቀድሞ ስለሟሟ፣ ውኃው ስለመጠጠ፣ ዘይትም ስላለው፣ በረዶው ሲቀልጥ የሚፈርስ ነገር የለውም። 5 ኪሎ ሽንኩርት አንዴ ካቁላላችሁ ሰኞ ሥጋ ወጥ፣ ረቡዕ ምስር፣ ቅዳሜ ዶሮ ይወጣዋል። ያለቀ ወጥ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ግን ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ እየበላ ይሰለቻል። ምስር፣ ክክና ጎመን ተሠርተው ቢገቡም አይበላሹም፤ እነሱን ሳትፈሩ አስቀምጡ።

ቁሌቱን በቅቤ ማቁላላት

የሚጾም ቤት ውስጥ ይሄ ብዙ ያስከስራል። ረቡዕና ዓርብ አለ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ቁሌቱ በቅቤ ከተሠራ ያን ሁሉ ቀን ፍሪዘር ውስጥ ተቀምጦ ከማየት በቀር አይጠቅማችሁም። በዘይት አቁላሉት። ቅቤውን ለፍስኩ ቀን፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ። መከለሻውንም እንደዚሁ ለመጨረሻው አቆዩት፤ ጠረኑ ትኩስ ሆኖ የሚነሳው ያኔ ነው። ጨውም ቀለል ይበል፣ ወጡ ሲያልቅ ይስተካከላል።

ትኩሱን ድስት ፍሪዘር መክተት፣ ወይም ድስቱን እንዳለ ማሳደር

እነዚህ ተቃራኒ ስህተቶች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ብዙ ቤት አሉ። ትኩስ ድስት ፍሪዘር ሲገባ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያሞቃል። ያ የቀዘቀዘ ሥጋ ላዩ መቅለጥ ይጀምራል። በሌላ በኩል «እስኪበርድ» ተብሎ ምድጃ ላይ ያደረ ወጥ አለ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ተህዋሲያን በፍጥነት ይራባሉ። አንዳንዶቹ የሚተዉት መርዝ ደግሞ ወጡ እንደገና ቢፈላም አይጠፋም። «ጠዋት አፈላዋለሁ» የሚለው ማጽናኛ የማይሠራው ለዚህ ነው። ፍሪዘርም ተህዋሲያኑን ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም፤ በረዶው ሲቀልጥ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

የበሰለ ምግብ ውጭ መቆየት ያለበት ቢበዛ 2 ሰዓት ነው። ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሞቀ፣ ለምሳሌ ድሬዳዋ ወይም በበጋ ዱባይ፣ 1 ሰዓት ይበቃዋል። ቶሎ ለማብረድ ወጡን ከድስቱ አውጥታችሁ ወደ ሰፋፊ ዕቃ ገልብጡት። ከፍታው ከ5 ሴንቲ ባይበልጥ ይመረጣል። ወይም ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጣችሁ አማስሉት። እንፋሎቱ ሲያልቅና ለብ ሲል ወደ ፍሪጅ፣ ከዚያ ወደ ፍሪዘር። ሩዝና ፓስታ ላይ በተለይ አትዘግዩ።

ሁሉም ነገር ይቀዘቅዛል ብሎ ማሰብ

የዶሮ ወጥ መረቁም ሥጋውም በደንብ ይቀመጣል። እንቁላሉ ግን አይሆንም። የተቀቀለ እንቁላል ነጩ ከበረዶ ሲወጣ እንደ ጎማ ይሆናል፣ ውኃም ያወጣል። እንቁላሉን በምትበሉበት ቀን ቀቅላችሁ ጨምሩ፤ 10 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው።

ድንችም አስቸጋሪ ነው። አልጫው ውስጥ ያለው ድንች ሲቀልጥ ይፈረፈራል፣ ውኃ ውኃ ይላል። ጥቅል ጎመንና ካሮቱን ያለ ድንች አስቀምጣችሁ ድንቹን ለብቻው በዕለቱ መቀቀል ይሻላል። ጥብስ ይደርቃል፤ ጥሬ ሥጋውን ከትፎ በየአንድ ጊዜው ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይበልጣል። ሽሮ በደቂቃዎች የሚደርስ ምግብ ስለሆነ፣ ቁሌቱ እስካለ ድረስ ሠርቶ ማቀዝቀዝ ጥቅሙ አይታየኝም። ሰላጣና ጥሬ ቲማቲምን እርሱት።

በትልቅ ዕቃ ማስቀመጥ

አንድ ትልቅ ዕቃ ሙሉ ወጥ ማለት አንድ ትልቅ ድንጋይ ማለት ነው። ለሁለት ሰው እራት ብላችሁ ሙሉውን ማቅለጥ ሊኖርባችሁ ነው። በአንድ ማዕድ ልክ ከፋፍሉት። ለቁሌት የሚሻለው ለምግብ የተሠራ ወፍራም የፍሪዘር ከረጢት ነው። ጨምራችሁ፣ አየሩን ተጭናችሁ አውጥታችሁ፣ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አስተኙት። ቦታ አይይዝም፤ ሲፈለግም ቶሎ ይቀልጣል። አየር የቀረበት ምግብ ላዩ ይደርቃል፣ ይነጣል። አያሳምምም፣ ጣዕሙ ግን ይሄዳል።

ጥቁር ፌስታል ለዚህ አይሆንም። ለምግብ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ብርጭቆ ማሰሮ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ እስከ አፉ አትሙሉት። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ማሰሮው ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስምና ቀን አለመጻፍ

ከቀዘቀዘ በኋላ ቀይ ወጥ ሁሉ አንድ ይመስላል። በወረቀት ላይ ምን እንደሆነ፣ የተሠራበትን ቀን፣ ጾም ይሁን ፍስክ ጽፋችሁ ለጥፉ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ወጥ ለ3 ወር ያህል ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ፍሪጁ ውስጥ ያለችው ትንሿ የበረዶ ሳጥን ብዙ ጊዜ ያን ያህል አትቀዘቅዝም። ያላችሁ እሷ ብቻ ከሆነች ለሳምንቱ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ።

ጠዋት አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ መተው

ውጩ ቀልጦ ይሞቃል፤ መሀሉ ገና በረዶ ነው። ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርዱት፣ ነገ ይደርሳል። ከቸኮላችሁ ከረጢቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሩት፣ ውኃውን በየ30 ደቂቃው ቀይሩ። ጠፍጣፋው ቁሌት ደግሞ እንዳለ ድስት ውስጥ መግባት ይችላል። ስታሞቁ ዳር ዳሩ መንተክተኩን ብቻ አትዩ፤ እያማሰላችሁ መሀሉም እስኪፈላ ጠብቁ።

እንጀራን ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት

ውጭ አገር ላሉ ይሄ ዋና ጉዳይ ነው። ፍሪጅ እንጀራን ከሻጋታ ያቆየዋል፣ ግን ቶሎ ያደርቀዋል። ፍሪዘር ይሻላል። በተጋገረበት ወይም በተገዛበት ቀን፣ በደንብ ከበረደ በኋላ፣ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን እያጠፋችሁ በየከረጢቱ አሽጉ። ትኩሱን ከደረባችሁት ይያያዛል። ስታወጡት ከረጢቱን ሳትከፍቱ ይቅለጥ። ቀድሞ ከተከፈተ ጠርዙ ይደርቅና ይሰባበራል።

መብራት ሲጠፋ እየከፈቱ ማየት

«ቀልጦ ይሆን?» ብሎ መክፈት ራሱ ያቀልጣል። በር ካልተከፈተ የሞላ ፍሪዘር ለ48 ሰዓት ያህል፣ ግማሽ የሆነ ደግሞ ለ24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ባዶ ቦታ ካለ በውኃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አስገቡበት፤ በረዶ ሆነው ሌላውን ያቆያሉ። መብራቱ ሲመለስ አንድ በአንድ እዩ። መሀሉ ገና በረዶ ያለበት ምግብ ተመልሶ መቀዝቀዝ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ቀልጦ ከ2 ሰዓት በላይ ሞቆ የቆየውን ግን፣ ሽታው ባይለወጥም፣ ድፉት።